ያልጎደሉት ባትሪዎች

ነገሩን መጀመሪያ አፍ አውጥታ የተናገረችው ኦክቡን ናት። ኦክቡን ከስልሳ ዓመቷ አርባውን ባሕር ውስጥ ተዘፍቃ፣ የቀረውን ደግሞ የሰው ጉዳይ ውስጥ ተዘፍቃ ያሳለፈች ጠላቂ ናት። በሁለቱም ትንፋሿ ረጅም ነው።

«እናንተ ሴቶች፣» አለች፤ ከባሕር ወጥተው በድንጋይ በተከለለው እሳታቸው ዙሪያ እንደተቀመጡ፣ እርጥብ እግሯን ወደ ነበልባሉ እየዘረጋች። «የዳልሬ ራስ ከውሃ ብቅ ባለ ቁጥር የጀልባው ቴፕ ጸጥ ይላል። የእኔ ራስ ሲወጣ ግን መዝፈኑን ይቀጥላል። የእኔ ራስ ምን ጎደለው?»

«ፀጉር፣» አለች አንዷ።

ሳቁ ከጭሱ ጋር አብሮ ተነሳ። ዳልሬ አልሳቀችም። ከአሥራ ሁለቱ ጠላቂዎች ትንሿ እሷ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። የትንሿ ቦታ ደግሞ ጭሱ የሚነፍስበት በኩል ነው። እዚያ የተቀመጠች ሴት ዓይኗ ቢያለቅስ ማንም ምን ሆንሽ አይላትም። ሰሞኑን ዳልሬ ቦታውን ወዳዋለች።

እሷም ነገሩን አስተውላዋለች። ከትልልቆቹ ጋር ወደ ውጪኛው አለት መውጣት ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ይህም የጀመረው ያኔ ነው። ከሥር ትንፋሿን ይዛ ስትወጣና አየሩን ስትስበው፣ ያ የጠላቂ ሁሉ ፉጨት ከከንፈሯ ያመልጣል። የእሷ ቀጭን ነው፤ መጨረሻው ላይም ትንሽ ይታጠፋል። በዚያች ቅጽበት ዘፈኑ ይቆረጣል። አራት አምስት ሰከንድ። ከዚያ ዘፋኟ ካቆመችበት ትቀጥላለች። «ካፒቴኑ የእኔን ፊት ሲያይ ዘፈን ያስጠላዋል ማለት ነው፣» ብላ ደመደመች ዳልሬ። በዚህ ድምዳሜ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ በሦስተኛው ቀን ግን የባሕር ጃርት ሾርባ ስለነበር በላች።

ቶልሶም ደሴት ላይ ጠላቂ ውሃ ውስጥ ሳለች የጀልባ ሞተር አይነሳም። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የጣሰውም የለም። ከሥር የሚሽከረከረው ምላጭ ዓይን የለውምና። ስለዚህ ጀልባዋ መልህቋን ጥላ አራት ሰዓት ሙሉ ሞተሯን አጥፍታ ትቆማለች። ጣሪያዋ ላይ የታሰሩት ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ግን ከባትሪ እየጠጡ ይዘፍናሉ። ሴቶቹ ዘፈኑን የሚፈልጉት ለሁለት ነገር ነው፦ አንደኛ ይወዱታል፤ ሁለተኛ ጉም በያዘ ቀን ጀልባዋን በጆሯቸው ያገኟታል። ባሕር ላይ የመንገድ ምልክት የለም።

«ባትሪው ነው፣» ብላ ፈረደች ማልሱን። የጠላቂዎቹ አለቃም የዳልሬ እናትም እሷ ናት፤ ማልሱን ከፈረደች ወዲያ ይግባኝ የለም። «ደክሟል፤ ጉልበት አጥቶ ነው የሚንተባተበው። ሁለት ትርፍ ባትሪ ይጨመርና አራቱም በየቀኑ ይሞሉ። መሙያው እኛ ቤት አለ። ሰማህ፣ ካፒቴን?»

ካፒቴኑ ሃክሱ ከድንጋዩ ከለላ ውጪ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ጆሮው ሰፋ ያለ፣ ከየብስ፣ ከሞክፖ ከተማ ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ዳልሬ በጭሱ መሃል አየችው። አፉን ከፈተ። ወደ ጭሱ በኩል ተመለከተ። አፉን ዘጋ።

«እሺ፣ እትዬ ማልሱን፣» አለ። «ልክ ነው። ባትሪው ነው።»

የሚዋሽ ሰው ጆሮው ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን ክረምት ከበጋ በባሕር ፀሐይ የቀላ ስለሆነ ከዚያ ምንም ማንበብ አይቻልም። ዳልሬ ማንበብ ያቃታት ነገር እሳት ዳር እንደቆየ ጠጠር ሆዷ ውስጥ ሞቆ ተቀመጠ።

*

የዳልሬ አባት ጥሏቸው የሄዳቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ ዳልሬና የባትሪ መሙያው። እሱም የየብስ ሰው ነበር፤ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት «አንዲት መለዋወጫ ከፑሳን ከተማ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ በሐሙሱ መርከብ ሄደ። መለዋወጫዋ ሳትገኝ አትቀርም፤ የጠፋው እሱ ነው። ማልሱን ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አላወራችም። «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። መሙያውን ግን በየዓመቱ መባቻ በደረቅ ጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።

እንግዲህ ከፍርዱ በኋላ ሃክሱ በየቀኑ ከሰዓት በጥቁሩ ድንጋይ አጥር በኩል፣ አራት ባትሪ የጫነ የእጅ ጋሪ እየገፋ መምጣት ጀመረ። ዳልሬ ክዳኖቹን ትከፍታለች፤ የባትሪ ውሃ የጎደለበትን ትሞላለች፤ ቀዩን መቆንጠጫ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ታያይዛለች። መሙያው ማጉረምረም ይጀምራል። በዚህ ላይ የሁለቱም ሥራ ያልቃል። ሃክሱ ግን አይሄድም።

«ውሃው ጥሩ ነው?» ይላል።

«ጥሩ ነው።»

«ቀዩ ጠብቋል?»

«ጠብቋል።»

«ጥቁሩስ?»

«ካፒቴን፣ ጥቁሩም ጠብቋል።»

ከዚያ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው የባትሪውን ስድስት ቀዳዳዎች ያያሉ። አሲዱ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ አረፋ እያወጣ ሽሽ ይላል፤ ድምፁ በሌላ መንደር የሚዘንብ ዝናብ ይመስላል። ወሩ የመንደሪን አበባ የሚፈነዳበት ስለነበር ግቢው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ የአበባው ሽታና የአሲዱ ሽታ ተቀላቅለው አፍንጫ ላይ ያርፋሉ። ሕልም የሚጎመዝዝ ነገር ቢሆን ይህን ይሸት ነበር። ዳልሬ ሽታውን ወደደችው። ይህ ለሰው የማይነገር ነገር ነው፤ የአሲድ ሽታ ደስ ይለኛል ያለችን ሴት የሚያገባ የለም።

የሃክሱ ሱሪ ጉልበቱ ላይ አሲድ የበሳው ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው የሳንቲም ያህል ቆዳ ይታያል። ዳልሬ ይህችን ሳንቲም ላለማየት መሙያውን ታያለች፣ አጥሩን ታያለች፣ አበባውን ታያለች። ምሽት ላይ ግን ዓይኗን ስትጨፍን የምታየው አበባውን አልነበረም።

*

ሰኞ ዕለት ሃክሱ ጋሪውን ካቆመ በኋላ ከደረት ኪሱ ደብዳቤ አወጣ።

«ከእናቴ ነው፣» አለ። «ላንብብልሽ?»

«የእናትህን ደብዳቤ ለእኔ?»

«ምክር ፈልጌ ነው።»

ዳልሬ የባትሪ ውሃውን ጀሪካን አስቀመጠች። እሱ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ፦

«ልጄ ሃክሱ፦ አባትህ ወገቡን ታሟል፤ የሩዝ ወፍጮውን የሚይዝልን የለም። ሁለት ዓመት በባሕር መጫወት ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ የላክንህ የጠላቂ ሴቶች ጀልባ እንድትነዳ አልነበረም። የበረዶ ፋብሪካው ባለቤት ልጅ እስካሁን አላገባችም፤ ፒያኖም ትጫወታለች። በሐሙሱ መርከብ ና። እዚያ የሚያስቀርህ ነገር ካለ ግን ስሙን ጠርተህ ጻፍልኝ። ስም ያለው ነገር ከሆነ እናትህ ነኝና እሰማሃለሁ። ስም የሌለው ነገር ከሆነ ግን ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ እዚህም አለ።»

ወረቀቱን በአራት አጠፈው። «ሐሙስ ወይ እኔ እሄዳለሁ፣ ወይ ደብዳቤ ይሄዳል። ምን ብዬ ልመልስላት?»

ዳልሬ ጀሪካኑን መልሳ አነሳች። «እኔ ምን አውቃለሁ? የተማርከው አንተ።»

«ወፍጮ ቤት አላስተማሩኝም። ይሄንንም አላስተማሩኝም።»

«ፒያኖ ጥሩ ነገር ነው፣» አለች ዳልሬ። ይህን ያለው አፏ ነው፤ እሷ አልነበረችበትም። «ባትሪ አይፈልግም።»

ሃክሱ ወደ መሙያው ተመለከተ።

«አይፈልግም፣» አለ። «እውነትሽን ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሙን ጠርተህ ጻፍ ነው ያለችኝ።»

«ካለ ጥራዋ!»

«ስሙ የእኔ ብቻ አይደለም፣ ዳልሬ። የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

ቤት ውስጥ የሳህን እጥበት ይሰማ ነበር። ቆመ። ማልሱን ሳህን ማጠብ ስታቆም ደሴቱ ሁሉ ጆሮ እንዳወጣ ማወቅ ነው። ዳልሬ «ቅር»፣ አትሂድ የሚለው ቃል ጥርሷ ጀርባ ድረስ እንደመጣ ተሰማት፤ ሁለት ፊደል ናት እንጂ ምን አላት? ግን ይህን ግቢ አንድ ጊዜ አንድ የየብስ ሰው በሐሙስ መርከብ ጥሎት ሄዷል። ቅር ተብሎ የሄደ ሰውና ሳይባል የሄደ ሰው አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የበለጠ ያዋርዳል። እሱ ይናገር፣ አለች በሆዷ። ወንዱ እሱ፣ የተማረው እሱ።

«አሲድ እንዳይነካህ፣» አለችው።

ሃክሱ ተነሳ። የተበሳውን ጉልበቱን አራገፈና ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

ዳልሬ ያልተናገረችው ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን ያን ቀን አወቀችው። ከባትሪ ይከብዳል፤ ባትሪ ቢያንስ መያዣ አለው።

*

ማክሰኞ ሃክሱ ባትሪዎቹን አውርዶ ወዲያው ሄደ። ዳልሬ ክዳኖቹን ስትከፍት፣ እስከዚያ ቀን ያላደረገችውን አደረገች፤ ከመሙላቷ በፊት ለካች። ረሃብተኛ ነው ተብሎ የመጣን እንግዳ ሆዱን የሚዳብስ የለም፤ እሷም ባትሪዎቹ ባዶ ናቸው ስለተባለች ዝም ብላ ስታጠጣ ነበር የከረመችው። ያን ቀን ግን የመሙያው ጠቋሚ ቀስት አልነሳ ስላላት ጠረጠረች። የአባቷን የአሲድ መለኪያ አመጣች፤ ጎማዋን ጨምቃ አሲዱን ወደ መስታወቱ ስባ፣ ባትሪው በሞላ ቁጥር ከፍ ብላ የምትንሳፈፈውን ጠቋሚ አየች። ከሁለቱ አሮጌ ባትሪዎች ስትስብ ጠቋሚዋ ወደ መሃል ወረደች፤ የአንድ ቀን ዘፈን የሚጠጣውን ያህል ነው። ከሁለቱ ትርፍ ባትሪዎች ስትስብ ግን እስከ አንገቷ ብቅ አለች።

ሙሉ። ሁለቱም አፍ እስከ ገደፋቸው ሙሉ። ጀልባው ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተነኩም።

ታዲያ ለምን በየቀኑ ያመላልሳቸዋል?

ለዚህ ጥያቄ አንድ ጣፋጭ መልስ አለ። ዳልሬ ያንን መልስ እንደ ከረሜላ ለአምስት ደቂቃ ያህል ምላሷ ሥር ይዛ ቆየች። መንደሪኑ አበባውን ክዳኖቹ ላይ ያራግፋል፤ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ባሕሩ ከአጥሩ በላይ እንደ ተዘረጋ ሐር ያበራል። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ከሰዓት አልነበረም።

በስድስተኛው ደቂቃ እናቷ ከቤት ወጣች። መለኪያውን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ሙሉ ናቸው?»

«ሁለቱ ሙሉ ናቸው፣ እማዬ። እሱ አልነካቸውም።»

ማልሱን ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ማልሱን ቀን ቀን ቁጭ አትልም። «አባትሽ ሊሄድ ሲል እንዲህ ነበር ያደረገው፣» አለች። «በመጨረሻው ወር ራዲዮ አልከፈተም። በጀልባው መብራት አላበራም። እኔ ቁጠባ መስሎኛል፤ ጎበዝ ባል አገኘሁ ብዬ ጎረቤት አውርቻለሁ። የሄደ ለት ስለካቸው የሁሉም ባትሪ ሆድ ሙሉ ነው። አየሽ፣ ሊሄድ የቆረጠ ሰው የሰው ዕቃ አጉድሎ አይሄድም፤ ሞልቶ አስረክቦ ነው። ጨዋ ሰው ነበር አባትሽ።» እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ሰማይ ከጨዋ ሰው ይጠብቅሽ፣ ልጄ።»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ እሱ የተናገረችው ይህ ብቻ ነው። ተነሥታ ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች።

ዳልሬ መቆንጠጫዎቹን ከሙሉዎቹ ላይ አነሳች። እንባዋ አልመጣም፤ ጭስ የለማ። ደረቷ ውስጥ ግን መርከብ መልህቅ ሲስብ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ቀስ እያለ፣ ሰንሰለት በሰንሰለት ይሰማ ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት ጀልባው ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

«አራቱም ሞልተዋል?» አላት ሃክሱ፣ ባትሪዎቹን ከመቀመጫው ሥር እየደረደረ።

«ሞልተዋል፣» አለች ሳትዞር። «እንደነበሩ።»

እጁ ባትሪው ላይ ቀረ። «ዳልሬ፣ እሱን እኮ…»

«መሪህን ያዝ፣ ካፒቴን፣» አለች ማልሱን ከመሃላቸው። «አለቱ እየመጣ ነው።»

ጀልባዋ መልህቋን ጣለች፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ስለ አንዲት የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ የሚያወራው፣ ትሮት የሚሉት የአገሬው ዘፈን ተነሳ። ነጋዴዋ አውቶቡስ ተራ ላይ ነጠላ ጫማዋም ፍቅረኛዋም አምልጠዋታል፤ የበለጠ የሚቆጫት ጫማው ነው። ሴቶቹ የጎማ ልብሳቸውን እየጎተቱ አንድ በአንድ ወደ ውሃው ገቡ። ዳልሬ ብርቱካንማ መንሳፈፊያዋን እየገፋች ከሁሉም ራቀች፣ እስከ ውጪኛው አለት ዳር።

ከሥር ዓለም አረንጓዴ ነበር። የባሕሩ ሣር ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ገብስ ያጎነብሳል፤ ብርሃን ከላይ በረጃጅሙ እየተሰነጠቀ ይወርዳል። እዚያ ሐሙስ የለም፤ መርከብ የለም፤ ፒያኖም የለም። ጠላቂ ግን እዚያ መኖር አይፈቀድላትም። ወጣች፤ ፏጨች፤ ዘፈኑ ተቆረጠ፤ ቀጠለ። ገባች። ወጣች፤ ፏጨች፤ ተቆረጠ፤ ቀጠለ። «ባትሪህን ቆጥብ፣» አለች በንዴት፣ እንደገናም ገባች።

ለአራተኛ ጊዜ ስትወጣ ዓለም አልነበረም።

ነጭ ነው። የቶልሶም ጉም ከሰማይ አይወርድም፤ ራሱ ባሕሩ የተነፈሰው ይመስል ከውሃው ላይ ይነሳል። እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿ ከክርኗ ወዲያ እየሳሱ ይጠፋሉ። ፏጨች። ከዚያ መንሳፈፊያዋን አቅፋ ዘፈኑን ጠበቀች።

አራት ሰከንድ። አምስት። አሥር። ሃያ።

ምንም።

ጆሮዋን ለማንቃት ትንፋሿን ያዘች። ምንም የለም። ከሥር ውሃው ወደ ውጪ፣ ደሴት ወደሌለበት በኩል፣ እግሮቿን ቀስ እያለ ይስባቸዋል። አራት ሙሉ ባትሪ ተጭኖ ጀልባው እንደ መቃብር ጸጥ ብሏል። ሄዷል፣ አለች። ይህ ከንቱ ነገር ነው፤ እናቷንና አሥር ሴቶችን ጭኖ የት ይሄዳል? ሞተሩስ ሳይሰማ? ጉም ውስጥ ግን የሰው አእምሮ ከመንሳፈፊያው አይሰፋም። እንግዲህ እንዲህ ነው የሚሄዱት፣ ብላ አሰበች፤ ሞልተው፣ ሳያጎድሉ፣ ጸጥ ብለው።

ብርዱ እስከ ጉልበቷ ሲወጣ ነው ሌላው ሐሳብ የመጣው። የመጣውም ሳይጠራ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሥር ወደ ላይ እንደሚወጣ አረፋ ነው።

ዘፈኑ የሚቆረጠው ፊቷን ሲያይ ከሆነ፣ ከዚህ አለት ሆና ፊቷ ከጀልባው ሲታይ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከድንጋዩ ጀርባ ነበር የወጣችው፤ ምንም ሳያያት ተቆርጧል። ፊቷ አይደለም እንግዲህ። ፉጨቷ ነው። ስትገባ ልቡ አብሯት ይገባል፤ ስትወጣ ፉጨቷን ለመስማት ዘፈኑን ያጠፋል፤ ከሰማ በኋላ ነጋዴዋ ትቀጥላለች። ሳምንታት ሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ ትንፋሿን ሲቆጥር ነበር።

አሁንም ጸጥ ያለው እየሰማ ነው።

እሷም ጸጥ ያለችው እየሰማች ነው።

ዳልሬ ነጩ ውስጥ ተንሳፍፋ ይህን አየችው። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ ለመስማት ትንፋሻቸውን ይዘዋል፤ ባሕሩ መሃላቸው ተኝቶ የሁለቱንም ዝምታ ይሰማል። የሰኞውም ይኸው ነበር፤ ያኔ በመሃላቸው የነበረው ባሕሩ ሳይሆን የሚያጉረመርመው መሙያ ነበር እንጂ። እንዲህ እንደተደማመጡ አንዷን ውሃ፣ አንዱን መርከብ ሊወስዳቸው ነው።

መፏጨት አለባት። ግን የጠላቂ ፉጨት በፈቃድ አይመጣም፤ ሳንባ ነው የሚያፏጨው፤ ለዚያ መጥለቅ ያስፈልጋል። እግሯ ደግሞ ዝሏል። ጠላቂን የሚገድለው ባሕር ሳይሆን «አንዲት ብቻ ልጨምር» የምትለው ትንፋሽ መሆኗን እናቷ ከጡቷ ጋር ነው ያጠባቻት። የቀራት አፏ ብቻ ነው። ይህ ሰኞ ዕለት የከዳት አፍ።

ካፒቴን ብላ ልትጠራው ነበር። ካፒቴን ግን የሁሉም ነው።

«ሃክሱ!»

ስሙ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ተከትሎት ደግሞ፣ መረብ ሲጎተት ሣሩም ዓሣውም ድንጋዩም አብሮ እንደሚወጣ፣ የቀረው ሁሉ ወጣ።

«ሃክሱ! አትሂድ! ቅር! ለእናትህ ጻፍላት! ዳልሬ ብለህ ጻፍላት! ስሜን ጥራ፣ ሰማህ? ፈቅጃለሁ!»

የግማሽ ትንፋሽ ጸጥታ ሆነ።

ከዚያ ጉሙ ፈነዳ። ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች በአራት ባትሪ ጉልበት የነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋን ከነጫማዋ ለቀቋት። በዓለም ላይ ከተዘፈኑት ሁሉ ለፍቅር የማይመጥን ዘፈን ቢፈለግ ይህ ነበር። ዳልሬ እየሳቀች አለቀሰች፤ እንባዋም ጨዋማ ውሃው ውስጥ ሲገባ የተለየ ነገር አልሆነም። ዘፈኑ በስተግራ ነበር። ዋኘች። ዘፈኑ ተቆረጠ።

«እዚህ ነኝ!»

ተነሳ። ዋኘች። ተቆረጠ።

«እየመጣሁ ነው!»

ተነሳ። እሷ ስትናገር እሱ ጸጥ ይላል፤ እሱ ሲዘፍን እሷ ትዋኛለች። ነጩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚባል ነገር ጠፋ፤ ውሃው ይሁን አየሩ የሚሸከማት አላወቀችም። የምታውቀው ሰው ሕይወቱን ሙሉ እንዲህ ሊነጋገር እንደሚችል ብቻ ነበር።

*

የጎተቷት እጆች የእሱ አልነበሩም፤ የኦክቡንና የእናቷ ነበሩ። ሃክሱ ቴፑ ዘንድ ቆሟል፤ ጣቱ ድምፅ መጨመሪያው ላይ እንደተጣበቀ ነው። ፊቱ ነጭ፣ ጆሮዎቹ ቀይ።

«ሰማን፣» አለች ኦክቡን፣ ፎጣ እየወረወረችላት። «እኛ ሰማን፣ ዓሣው ሰማ፣ ጄጁ ደሴት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ፈቅጃለሁ አለች እኮ! በእኛ ጊዜ ሰው ሦስት ዓመት ይሽኮረመም ነበር።»

«አክስቴ፣ ተይኝ።»

«አልተውሽም! ጉሙ ሲመጣ እኛ እየተንጫጫን ስንሳፈር ፉጨትሽ አመለጠው። ቴፑን ክፈትላት ብለን ብንጮህ፣ ዝም በሉ! አለን። ሳልሰማት አልከፍትም! አለን። እኛን! እናትሽን ዝም በይ አላት!»

ሁሉም ወደ ማልሱን ዞሩ። ማልሱን የልጇን ኮፍያ ውሃ እየጨመቀች ነበር። አጥብቃ ጨመቀችው።

«አዎ፣ ብሎኛል፣» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬ ስኖር፣ ዝም በይ ያለኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።» ከዚያ ቀና አለች። «አንተ ልጅ። ሁለቱን ትርፍ ባትሪዎች ለምን አልነካሃቸውም? እውነቱን።»

«ለጉም ቀን ነው፣ እትዬ፣» አለ ሃክሱ። «ለዘፈኑ አሮጌዎቹ ይበቃሉ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከለቀቁት ግን ቶሎ ይጨርሳቸዋል። እሷ ሩቅ መውጣት ስለጀመረች… እነዚህ እንዲሞሉ ፈለግሁ። ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆኑ።»

«ካልተነኩ ታዲያ ምን ይጎድላቸዋል? በየቀኑ እኔ ግቢ ምን ያመላልሳቸዋል?»

ሃክሱ እሷን አየ፣ ዳልሬን አየ፣ ወለሉን አየ።

«እሱ ለሌላ ጉዳይ ነው፣» አለ።

ጀልባዋ በሳቅ ወዲያና ወዲህ ተናጠች። ማልሱን አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ግን ወደ ውስጥ ሰበሰበችው፤ ማልሱንን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል።

«ነገ ሐሙስ ነው፣» አለች። «መርከቡ ደብዳቤ ይዞ ይሂድ። ሰው መላክ ሰልችቶኛል።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «በሉ፣ ጉሙን እዩ።»

«የቱን ጉም?» አለች ኦክቡን።

«ያንን!»

አሥራ አንድ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ባሕሩ ዞሩ። ከጀልባው ጠርዝ ወዲያ አንድ ክንድ እንኳ አይታይም ነበር፤ እነሱ ግን ያንን ነጭ ባዶ እንደ ሠርግ በጥሞና ተመለከቱት።

ሃክሱ ጣቱን ከቴፑ ላይ አላቀቀ። ሦስት እርምጃ ነበር በመሃላቸው፤ ሁለቱን እሱ ተራመደ፣ አንዱን እሷ። ውሃ ያጨማደደውን እጇን በሁለት እጁ ያዘው፤ ምንም አላለም፤ እሷም አላለችም፤ አሁን ዝምታው የማንንም መንገድ አይዘጋም። ዳልሬ እግሯ ጠንካራ ሳንቃ ላይ እንደቆመ ታውቃለች። እሷ ግን ገና ከዚያ አረንጓዴ ጥልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ነጩ ብርሃን፣ እየተንሳፈፈች ነበር፤ ለመድረስም አልቸኮለችም።